ዓርብ መጾሜን ማን ነገረው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፣ ሮም

ልጄ ሩት ዛሬ ፒኜቶ ሰፈር ያለ የጃፓኖች መጠጥ ቤት ራት ጋበዘችኝ። ያለ ምክንያት አትጋብዝም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ብርጭቆ እያጋጨ ይጮኻል። ባንኮኒው ፊት ተቀመጥን።

ምግብ አብሳዩ ኬን የሚባል የኦኪናዋ ልጅ ነው። ሳላዝዝ የጾም አቀረበልኝ፦ የተጠበሰ ሜላንዛና፣ ማለት ደበርጃን፣ ሩዝ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የገዛው መራራ ቅል። የአገሩንም የሩዝ አረቄ ቀዳልኝ። ይጣፍጣል፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ዓርብ መሆኑንስ እሱም ያውቃል፤ መጾሜን ግን ማን ነገረው?

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ እማ፣ ከሰላምታ በቀር ምንም!» አለች፣ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ።

ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እፈትነዋለሁ አልኩ። ሩዙን በሜላንዛና ጠቅልዬ «እንካ ልጄ፣ በሞቴ!» ብዬ ወደ አፉ ዘረጋሁ። ጉርሻ የማያውቅ ሰው ይደነግጣል፣ በእጁ ሊቀበል ይሞክራል። እሱ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ።

የሆነ ቦታ አይቶ ይሆናል ብዬ እጄን ልጠርግ ስል፣ ኬን ውጦ ጨርሶም ከጎነበሰበት አልተነሳም። ሁለተኛውን እየጠበቀ ነው።

ሩትን ትን አላት።