ማንም ያላረደው ስላይድ

ዘነቡዬ፣

ከተለየሽን አንድ ክረምት አለፈ። አሶሳ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ መድረቅ ጀምሯል፤ በቅርቡ ያቃጥሉታል። ቤቱ እንዳለ ነው። ልብስሽን እህትሽ ከባምባሲ መጥታ ወሰደችው። ጓሮ የተከልሻት ፓፓያ አፍርታ ጎረቤት እየለቀመ ይበላል፤ አልከለክልም። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ። እንዴት ነህ ለሚሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ይሄዳሉ።

የምጽፍልሽ በስላይዶቹ ሣጥን ምክንያት ነው።

ለሰፈራ ጣቢያዎቹ ጤና ረዳቶች የምናሠለጥንበት ኮርስ እንደገና ተከፍቷል። አራቱን መሠረታዊ የሰውነት ሕብረ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ መለየት የምናስተምርበት ሳምንት ደረሰና ካንቺ ወዲህ ያልገባሁበትን መጋዘን ከፈትኩ። ምስጥ በጭቃው ግድግዳ ገብቶ ሣጥኑን ሰርስሮታል። መስታወቶቹ ደህና ናቸው። በዱቄት ሙጫ የለጠፍሻቸውን ወረቀቶች ግን አንድም ሳያስቀር በልቷቸዋል። በዱቄት አትለጥፊ ብዬሽ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሻለሽ። ከክሊኒኩ የድሬሰርነት ሥራሽ በተረፈሽ ሰዓት የበሬ ሥጋ በምላጭ አሳስተሽ ቆርጠሽ አዘጋጀሽልኝ፤ እኔም ተሰልፈው እንዲያዩ አዘዝኩ። ከመንጌ የመጣው አብዱራሂም ማይክሮስኮፑ አጠገብ ሲደርስ ቆመና፣ "ጓድ መምህር፣ ይሄ ሥጋ ማን ነው ያረደ?" አለኝ። የክርስቲያን ሥጋ ነበር። ሄዶ ተቀመጠ፤ ከወሎ የሰፈሩት ሙስሊሞችም ተከተሉት። እሱም ከወሎ የመጣው ክርስቲያኑ ደሴ ደግሞ፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና፣ ሥጋ በመነጽር ማየት ጾም ይሽር እንደሆነ ጠየቀ። ጮህኩባቸው። ሊበላ አይደለም፣ ዓይን አይውጥም አልኩ። ማንም አልተነሳም።

አንቺ አልተከራከርሽም። ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሉካንዳ ሥጋ፣ ጅማትና ለነርቩ ሰረሰር ገዝተሽ መጣሽ። ክብሪት ቀፎ ውስጥ ባኖርሻቸው ቁራጮች ላይ ሻማ አቅልጠሽ እያፈሰስሽ፣ ሲደርቅ እየቆረጥሽ፣ ለቁስል በምትቀቢው ሐምራዊ መድኃኒት ቀለም ሰጠሻቸው። መለያዎቹ ላይ "የእስላም"፣ "የክርስቲያን" ብለሽ ጻፍሽ። መለያ ላይ የሚጻፈው የአካል ክፍሉና የሕብረ ሕዋሱ ዓይነት ብቻ ነው አልኩሽ። "ዋናው ማየታቸው ነው" አልሽኝ። ለአራተኛው፣ አካልን ለሚሸፍነው ለኤፒተልየሙ፣ በማንኪያ እጀታ የራስሽን ጉንጭ ከውስጥ ፋቅሽና መስታወት ላይ አሽገሽ "ማንም ያላረደው" ብለሽ ለጠፍሽበት። ልጆቹ ሳቁ። ሁሉም አዩት፤ ደሴም በጾሙ ቀን አየው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ነበር። ስለ መለያው አሁንም ትክክል እንደነበርኩ አምናለሁ።

መለያው ሲጠፋ እንደገና መለየት ነበረብኝ። መስኮቱ ዘንድ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየሁ። ጡንቻው ረጃጅም ክር ነው፣ በአግድም ስስ ሸንተረር ያለበት። ጅማቱ ጎን ለጎን የተደረደረ ገመድ ይመስላል። የነርቭ ሕዋሶቹ ቅርንጫፍ አውጥተዋል። ማን እንዳረደው የሚናገር አንድም የለም። ከዚያ ያንቺ መጣ፤ ጠፍጣፋ ሕዋሶች፣ ጠርዛቸው ያልተስተካከለ፣ በየመሃላቸው የጠቆረ ኒውክለስ። የማንም ሰው ጉንጭ ይህንኑ ይመስላል። ጥራቱን አስተካክዬ ብዙ ቆየሁ። ምንም አልተሰማኝም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ አላምነውም ነበር።

በኋላ የመጣው ንዴት ብቻ ነው። ይህ ማይክሮስኮፕ እዚሁ ነበር። አንቺ ሰፈራው ጣቢያ ትኩሳት ይዞሽ ስትተኚ፣ አሶሳ ብትደርሺ ከደምሽ ጠብታ ወስደን ወባውን እናየው ነበር፤ መድኃኒቱም ነበር። ሊያደርስሽ የሚችለው መኪና ግን ሰው ለስብሰባ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነበር አሉኝ። ለስብሰባው ሲሆን ጭቃ አልነበረም። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ተው የሚሉኝ አሉ፤ አልተውም።

በማግስቱ ክፍል ገባሁ። አብዱራሂምና ደሴ ጣቢያ ከርመው ለማሻሻያ ሥልጠና ተመልሰዋል፤ የቀሩት አዲሶች ናቸው። መለያዎቹን ምስጥ እንደበላቸው፣ ሕብረ ሕዋሱን ለይቼ ማሳየት እንደምችል፣ አራጁን ግን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አንዱን የእስላም፣ አንዱን የክርስቲያን ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እነዚህ ልጆች ሳያዩ ሄደው ጣቢያ ላይ ቁስል ሊሰፉ ነው ብዬ ሣጥኑን መዝጋት ጀመርኩ። አብዱራሂም እጁን አወጣ።

"ጓድ መምህር፣ እትዬ ዘነቡ አለ?"

"አለች" አልኩት።

እየተነሱ አዩሽ። ደሴ ለአዲሶቹ ማን እንደሆንሽ ነገራቸው፤ "ሌላው መምህር በአፉ ሲያስተምር እሷ አፏን ፍቃ አስተማረችን" ሲል ጥቂቶቹ ሳቁ። አልተቆጣሁም። አብዱራሂም ከሁሉም በላይ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱን በእጅጌው ጠረገና የጡንቻውን አምጡልኝ አለ። አራጁን አልጠየቀም። አብዛኞቹ ተከተሉት። ከአዲሶቹ ሁለቱ እምቢ አሉ፤ አላስገደድኳቸውም። ለእነሱ ከሁለቱም ሉካንዳ ገዝቼ እንደገና እሠራለሁ። የአራጁንም ሃይማኖት መለያው ላይ እጽፍላቸዋለሁ።

ያንቺን ስላይድ ለየብቻ አስቀምጬዋለሁ። በወረቀት አልለጠፍኩም፤ የመርፌ መድኃኒት አምፑል በምትቆርጪባት ትንሽ ሞረድ መስታወቱን ራሱን ጫርኩት። "ኤፒተልየም፣ ከጉንጭ" አልኩ። ከሥሩ ስምሽን ጻፍኩ፤ መለያ ላይ የሰው ስም እንደማይገባ እያወቅሁ። "ማንም ያላረደው" የሚለውንም ልመልሰው አስቤ ነበር። ለስብሰባ የሄደው መኪና ትዝ አለኝና ተውኩት።

ይህ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ ማይክሮስኮፑ ሥር የማስቀምጠው አንቺን ነው። መስታወቱን ምስጥ አይበላውም።

ባልሽ