ለብስክሌተኞች ምቾት ሲባል ስለተደለደለው መሬታችን

ለክቡር ዶክተር ኤቨሊዮ ሳንክሌሜንቴ፣
የማዘጋጃ ቤታችን የስፖርትና መዝናኛ መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሪባን የሚቆርጡበት ቀኝ እጅዎ ደህና ሆኖ ይቆይልን። እኔ ሮስሚራ ኪሴኖ እባላለሁ፤ የላ ኩቺያ ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ከሁለት መቶ አስራ ሦስቱ ደረጃዎች መሃል ላይ ባለው ሰማያዊ በር ቤት ውስጥ የስፖርት ልብስ እየሰፋሁ እኖራለሁ። ዶክተር ያልኩዎት ሐኪም ነዎት ብዬ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ክራባት አስሮ ፋይል ያቀፈ ሰው ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ነውና ቅር አይበልዎት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከደስታ ብዛት ነው። ደስታዬ ቁጭ ብዬ እንድጽፍ እንኳ አልፈቀደልኝም፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮት አይቼ ተመልሻለሁ። ምን እንደማይ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ልጄ ያዲራ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቢኤምኤክስ በሚባለው፣ በትንሿ ብስክሌት ከጉብታ ጉብታ እየዘለሉ በሚሽቀዳደሙበት ውድድር የክፍለ ሀገራችን ሁለተኛ፣ በትልቁ ብስክሌት ተራራ ቁልቁል በሚወረድበት ደግሞ ሦስተኛ ናት። ትከሻዋ አንድ ጊዜ፣ የእጅ አንጓዋ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሐኪሙን የጠየቀችው መቼ ይድናል ብላ ሳይሆን መቼ እነዳለሁ ብላ ነው። ከዛሬ ሃያ ስድስት ቀን በኋላ ለብሔራዊ የወጣቶች ቡድን የምትመረጥበት ውድድር አለባት። በወጣቶች ምድብ የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ ከሚመረጡት አራት ልጆች ካልገባች ሌላ ዕድል የላትም። የምትለማመድበትን ሜዳ ሰፈሩ ከውሃ ታንከሩ በታች በአራት እሑድ ደቦ ቆፍሮ ሠርቶላት ነበር፤ አንዱ አካፋ፣ አንዱ ባሬላ፣ አንዱ ለሳንኮቾ ሾርባው የሚሆን ዶሮ ይዞ መጣ፤ አስራ አንድ ጉብታና ሦስት ግድግዳቸው ከፍ ያለ መታጠፊያዎች ወጡት። ነበር ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሐንዲስዎን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ያዲራ ሜዳሊያ ይዛ በመጣች ሳምንት መጥተው ጉብታዎቻችንን ሲያዩ ከልባቸው አዘኑ። "እናንተ ምስኪኖች፣ በዚህ ኮረኮንች ላይ ነው የምትነዱት?" አሉ። ያዲራም "ኧረ ጋሼ፣ ኮረኮንቹ እኮ ነው ስፖርቱ" ብትላቸው፣ ይሉኝታ መስሏቸው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ አንድ ነገር ጽፈው ሄዱ።

ሁለተኛ፣ ዳምጠው ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ብሰጥ ንፉግነት ይሆንብኛል፤ የእኛም እጅ አለበት። በሰፈራችን የሥራ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው፣ በልቶ ሳይጨርስ ምን ልትሠራ መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያ ዳምጠው እያጓራ ሽቅብ ሲመጣ፣ ለሾፌሩ ለዶን ኤሊያሲድ የበቆሎ ቂጣችንን አሬፓውን ከነእንቁላሉ ያቀረብኩለት እኔው ነኝ። ጎረቤቴ ፊሎሜና "የጉብታዎቹን መውረጃ ጠቅጥቆ ሊያጠነክርልን ነው፣ እግዜር ብድራቸውን ይክፈላቸው" እያለች ሁለት ጊዜ ጨመረችለት። ሰውዬው በላ፣ አመሰገነ፤ እኛ ሳህን ልናጥብ ገባን። ስንወጣ አንድም ጉብታ የለም። "እማዬ፣ እንደ ጠረጴዛ አደረግሁላችሁ" አለኝ ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ በርቶ። የሚጠጣ ቀዳሁለት።

ያዲራ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብስክሌቷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "ማሚ፣ የት ሄደ?" አለችኝ። "ማን?" አልኳት፣ እያወቅሁ። "ሜዳው" አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለኮንክሪቱ፣ ለአራቱ አግዳሚ ወንበሮችና ለታፔላው አመሰግናለሁ። ታፔላው ላይ ልጄ አየር ላይ ተንሳፍፋ ያለችበት ትልቅ ፎቶ አለ፤ "የሻምፒዮናችን አደባባይ" ይላል፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ "ብስክሌት መንዳት በጥብቅ የተከለከለ ነው" ይላል። በምረቃው ዕለት እርስዎ ራስዎ "ነይ እስቲ ልጄ፣ ለፎቶ ብስክሌትሽ ላይ ውጪ" አሏት፤ ስትወጣ የእርስዎው ጥበቃ ፊሽካ ነፋባት። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ ሠራተኛ በማፍራትዎ ሊኮሩ ይገባል።

አራተኛውን አጭር አደርገዋለሁ። ሜዳ ያጣች ልጅ ደረጃውን በብስክሌት መውረድ ጀመረች። ልጅቷ መቀመጥ አትችልም ክቡር ሆይ፤ ስትበላ እንኳ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ይዘላል። ጋዝ የሚያመላልሰው ሰውዬ "ሴትዮ፣ ልጅሽን ያዢልኝ፣ ሲሊንደር ተሸክሜ ነው የምወጣው" ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እርጉዝ ሴት ከመታጠፊያው ብቅ ስትል፣ ያዲራ እሷን ላለመንካት ራሷን ከግድግዳው ጋር አላተመች፤ ክርኗ ሰባት ቦታ ተሰፋ። መስኮት የማየው ለዚህ ነው። ጎማው ደረጃውን ሲያንኳኳ ስሰማ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እለቃለሁ፤ ድምፁ ከታች ደርሶ በሰላም እስኪቆም ድረስ አንድ ስፌት አይሄድልኝም። ከቆመ በኋላ "ማሚ፣ አርባ አንድ ሰከንድ!" ብላ ከታች ስትጮህ ብቻ ነው የምተነፍሰው።

አምስተኛ፣ ጉብታዎቹን በራሳችን ጉልበት መልሰን እንቆልል ብለን ላቀረብነው ማመልከቻ ስለሰጡን ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። ፈቃዱ በዘጠና የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ፣ ከዚያ በፊት መቆፈር ግን በሕዝብ ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ተብሎ እንደሚያስከስስ በማኅተም አረጋግጠውልናል። ለመደልደል ግማሽ ቀን፣ ለማሰብ ዘጠና ቀን፤ አስተዋይነትዎን ያሳያል። እኔ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጄ ደረጃ ላይ አንገቷን ሳትሰብር ለውድድሩ እንድትደርስ፣ ያንኑ ማኅተም በዚህ ሳምንት "ቆፍሩ" በሚል ወረቀት ላይ ያሳርፉልን። ሌላ ስጦታ አንፈልግም። በእውነት፣ ሌላ ምንም አይላኩልን።

ቢሮዎ ዘወትር እንደ ኮንክሪታችን ለጥ ያለ፣ ኑሮዎ ጉብታ የሌለበት፣ ሹመትዎም የልጆቻችን የውድድር ዕድሜ ሳያልፍ በሰላም የሚያበቃ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በላቀ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የያዲራ እናት፣
ሮስሚራ ኪሴኖ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሐሙስ ጽፌ እስከ እሑድ ስላቆየሁት ይቅርታ። እስከዚያ ሰፈሩ አልቆም አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሃያ ስምንት ሆነን ወጣን፤ ኮንክሪቱን መስበር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ብለን ፈርተን ነበር፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቀ። ገርሞኝ የታፔላውን ጀርባ ባነብ "ውፍረት አስራ ሁለት ሳንቲሜትር" ይላል፤ በልብስ ሜትሬ ብለካው ሁለት ሳንቲሜትር ከምናምን ሆነብኝ። ሲደርቅ ይኮማተር እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ስለ ንብረት ጉዳቱ የሚከሱን ከሆነ ቁርጥራጩን በሙሉ በአስራ ሰባት ማዳበሪያ አስቀምጠንልዎታል፤ ችሎት ፊት ተሸክመን እንቀርባለን። የማይከሱን ከሆነ ግን ለሦስተኛው መታጠፊያ መሠረት ስለምንፈልገው እስከ ማክሰኞ ያሳውቁን፤ ያዲራ ሄልሜቷን አጥልቃ አፈሩ ላይ ቆማለች፣ ከዚያ በላይ አትጠብቅም።