ከሐምራዊው ክዳን ወደ ቀዩ

ማክሰኞ

ደም ሥራቸው ጠፋብኝ። ግራ ክንድ፣ ቀኝ ክንድ፣ እንደገና ግራ። እኔ በላብ ተጠመቅሁ፣ ወይዘሮ አማረች ግን ዘና ብለው «ግዴለም ልጄ፣ ውጊ። እንሰት ስፍቅ ከዚህ የባሰ እቆረጣለሁ» ይሉኛል።

ከወናጎ ነው የመጡት። አርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እንቅርቱ ሃያ ዓመት አንገታቸው ላይ ተቀምጦ አሁን የመተንፈሻ ቧንቧቸውን መጫን ስለጀመረ የሚተኙት ትራስ ደርድረው፣ ቁጭ ብለው ነው። ተራ ሲጠብቁ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ነው። ዶክተር ኤርሚያስ ሰኞ ለሦስት ወር ሥልጠና ስለሚሄድ ሐሙስ ካለፈ የሚሠራላቸው የለም።

በሦስተኛው መርፌ ደሙ መጣ፣ ግን እያለቀሰ። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ሞላ፣ ቀዩ ግን ታቹ ብቻ ረጠበ። አራተኛ ጊዜ ልወጋቸው አንጀቴ አልቻለም። ሐምራዊውን ከፍቼ ግማሹን ወደ ቀዩ ገለበጥኩና ሁለቱንም ወደ ላብራቶሪ ላክሁ። ብልህ ነኝ ዛሬ።

የዛሬ ሥራ፦ ሁለት ቁስል አጠብኩ። ሽንት አልወጣ ብሏቸው የሰነበቱ አንድ ሰውዬ ዛሬ በራሱ መጣላቸው (መረቁኝ)። ምሳ አልበላሁም። ስድስት ዓመት ክትባት ክፍል ሠርቼ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከተዛወርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ እየለመድኩት ነው መሰለኝ።

ረቡዕ

ፈጥኜ ልጻፈው።

ጠዋት ውጤቱ መጣ። ፖታሲየም 8.2፣ ከአምስት ብዙም ማለፍ የሌለበት። ካልሲየም 4፣ ከስምንት ተኩል በታች መውረድ የሌለበት። እንዲህ ያለ ፖታሲየም ልብ ያቆማል። ዶክተር ኤርሚያስ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና እስክሪብቶውን አውጥቶ ስማቸውን ከሐሙስ ዝርዝር ሰረዘ። ልባቸው በማሽን ይታይ፣ ፖታሲየሙን ለማውረድ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ይሰጥ አለ።

አቶ ዱካለ፣ ባላቸው፣ ከአልጋው እግር ሥር ተነስተው አያውቁም። ፖታሲየም ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። «የደም ጨው ነው፣ በጣም በዝቷል» አላቸው ዶክተሩ። ሰውዬው ወጥተው ስልክ ደወሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ከወናጎ በሚኒባስ ደረሱ። ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋውን ከበው መጸለይ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲህ ኢንሱሊኑን በመርፌ እየሳብኩ ነበር።

ስስብ ዓይኔ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ወይዘሮ አማረች ሄደ። ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ቆጯቸውን በጎመን ጥርግ አድርገው በልተዋል። የልባቸው ምርመራ የኮረዳ ነው። ኩላሊታቸው ደህና ነው። ካልሲየሙ እውነት አራት ቢሆን ጣቶቻቸው ተኮማትረው እጃቸው አይዘረጋም ነበር፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሜን ይላሉ። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሲስተር ወርቅነሽ ሄድኩ።

ሲስተር ወርቅነሽ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ብዙ አታወራም። ወረቀቱን አንዴ አየችው።

«ማን ነው የቀዳው?»

«እኔ።»

«ደሙ በቅቶሽ ነበር?»

ጆሮዬ ጋለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። ያ ነገር ራሱ ፖታሲየም አለበት፣ ካልሲየሙን ደግሞ ጠፍሮ ይይዘዋል። ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ሁሉ መልሼዋለሁ። «ከሐምራዊው ነው የገለበጥኩት» አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁት።

ዶክተሩ ጋ ይዛኝ ሄደች። እኔው ራሴ እንድናገር ወደ ኋላ ቆመች። ተናገርኩ። ዶክተር ኤርሚያስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኢንሱሊኑን ሰጠሻቸው?» አልሰጠሁም ስለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔም ያን ጊዜ ነው በትክክል የፈራሁት። ጤነኛ ደም ውስጥ ያ መድኃኒት ቢገባ ፖታሲየሙን ከልክ በታች አውርዶ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሲስተር ወርቅነሽ የእጅ ጓንት ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታ የወይዘሮ አማረች እጅ ላይ አሳረፈች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደም ሥራቸው ብቅ አለ። በአንድ መርፌ፣ መጀመሪያ ቀዩ። ውጤት፦ ፖታሲየም 4.1፣ ካልሲየም 9.2። ስማቸው ወደ ሐሙስ ዝርዝር ተመለሰ። ዕቃ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ጨፈርኩ።

ግን አንድ ነገር አለ። ዶክተሩ መንገድ ላይ ሆኖ ለእነ አቶ ዱካለ «ወርዷል፣ ደህና ናቸው፣ ነገ ይሠራል» ብሏቸው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሮጠ። ሽማግሌዎቹ ሃሌ ሉያ አሉ። አቶ ዱካለ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እነሱ ሲጸልዩ ስምንቱ አራት ሆነ፣ ሌላ ምን ያስቡ? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩና «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ሐሙስ

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አቶ ዱካለ ኮሪደሩ ላይ አልተቀመጡም። ወንበር ሳመጣላቸው ቦርሳቸውን አስቀመጡበት።

የወጣው እንቅርት ደህና አቮካዶ ያክላል። ሃያ ዓመት ያንን ተሸክመው እንሰት ተክለዋል፣ ቡና ለቅመዋል፣ አምስት ልጅ አሳድገዋል።

ሁላችንም የምንፈራው ድምፃቸውን ነበር። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሲነቁ ጎንበስ ብዬ «እናቴ፣ እስቲ የሆነ ነገር ይበሉኝ» አልኳቸው። ከንፈራቸውን አላወሱና «ዱካለ ምሳ በላ?» አሉ። ጎርነን ያለ፣ ግን ሙሉ ድምፅ። ሲስተር ወርቅነሽ ስትስቅ ዛሬ ገና አየሁ። የበላው ነገር እንደሌለ ስነግራቸው ከነማደንዘዣው ተቆጡ።

በጣም ደስ ብሎኛል። ከመንገድ አናናስ ገዝቼ ብቻዬን ጨረስኩት።

ዓርብ

በጀርባቸው ተኙ! አቶ ዱካለ ይህንኑ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይነግራሉ። የምግብ አዳዩን ሳይቀር አስቁመው ነገሩት።

ዛሬ የሳቅ ቀን ነበር። የጽዳቷ እትዬ ዘውዴ የወይዘሮ አማረችን አልጋ ስታገላብጥ፣ ኮመዲኖውን ስትወለውል፣ ሙዛቸውን መስኮት ላይ ስታሰጣ ዋለች። ምነው ስላት «አማረች ጉንዳን መጣች አለችኝ፣ እኔ አንድም አላገኘሁ» አለች። እንግዲህ ጉንዳኗም ለመጠየቅ መጥታ ይሆናል ተባለና ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት አቶ ዱካለ ጠሩኝ። የረቡዕን ሁለት ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ ይፈልጋሉ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይመሰክራሉ። «ይቺ ስምንት፣ ይቺ አራት። ሰዉ በዓይኑ ይይ» አሉ። ነገ አልኳቸው።

ፈሪ ነኝ። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ወደ አልጋው ሄጄ ሦስቴም የሙቀት መጠን ለክቼ ተመለስኩ። ወይዘሮ አማረች ትኩሳት ያለባቸው ሳይመስላቸው አይቀርም።

ቅዳሜ

ጠዋት ስገባ ወይዘሮ አማረች ጣቶቻቸውን እርስ በርስ ያሻሻሉ። የሚሰማዎት ነገር አለ? ምንም የለም፣ ጌታ ይመስገን። ሕመም? የለም። መዋጥስ? ደህና ነው። ልሄድ ዞሬ እንዲያው ለጨዋታ «ጉንዳኗስ ሄደች?» አልኩ።

ባላቸውን አዩ። «ትንሽ አለች።»

«አልጋው ላይ?»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከዚያ በአንድ ጣት ከንፈራቸውን ነኩ።

እኔ ነኝ ያለች ነርስ፣ ትናንት ከክፍሉ ጋር የሳቅሁት! ጉንዳኑ ያለው ከንፈራቸው ላይ ነው። ከእንቅርቱ ጀርባ ካልሲየምን የሚጠብቁ ትንንሽ እጢዎች አሉ። በቀዶ ሕክምናው ሲነካኩ ለጊዜው ሥራ ያቆማሉ፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። ዝም ከተባለ እጅ ይኮማተራል፣ ጉሮሮም ሊዘጋ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ይህን ሳልነግራቸው ቀርቼ አይደለም፣ «መንዘር» ነው ያልኳቸው። በእሳቸው አማርኛ ጉንዳን ነው።

«እናቴ፣ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«ጌታ ያስተካከለውን ደም፣ ተመልሶ ተበላሸ ብዬ ላውራ? እንዲህ ያለች ምስጋና ቢስ ልሁን?»

ዝም ያልኩት እኔ፣ የታመሙት እሳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሐምራዊው ክዳን፣ ስለ መገልበጡ፣ ብወጋቸው ሊገድላቸው ይችል ስለነበረው ኢንሱሊን፣ ሽማግሌዎቹ ሲጸልዩ መርፌውን ይዤ ከመጋረጃው ወዲህ እንደነበርኩ፣ ደማቸው መጀመሪያውኑ አንድ ቀንም እንዳልተበላሸ። «ስህተቱ የእኔ ነው። ረቡዕ መናገር ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አቶ ዱካለ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ታዲያ ጸሎቱስ?»

«እሱን አላውቅም ጋሼ። እኔ የማውቀው ቱቦውን ነው።»

ወይዘሮ አማረች ቁስላቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። «በይ እንግዲህ ልንገርሽ» ብለው ያዝ አደረጉኝ። ጉንዳኗ ትናንት ጠዋት ከንፈር ላይ መጣች፣ ቀጥሎ ጣት፣ ዛሬ የእግር ጣት። ሁሉንም ጻፍኩ።

ደም ቀዳሁ። ቀዩን ብቻ። ሐምራዊውን ወደ ክፍሉ እንኳ ይዤው አልገባሁም። ካልሲየም 7.0።

ዶክተር ኤርሚያስ ቤቱ ሻንጣ እያሰናዳ ነበር። በስልክ ስነግረው «የእሳቸው ነው ወይስ የቱቦው?» አለኝ። ይገባኛል። የመላው ሆስፒታል መቀለጃ ሆኛለሁ፣ ላብራቶሪ ገልባጯ ብለው ይጠሩኛል። «ዛሬ የእሳቸው ነው። ከንፈራቸው ይነዝራል። መጥተህ እያቸው» አልኩ። ራሴ አንተ ማለቴን ያወቅሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

መጣ። ጉንጫቸውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ የከንፈራቸው ጥግ ብድግ ብድግ አለ። ዞር ብሎ አየኝና «እውነትም የእሳቸው ነው» አለ። ካልሲየሙን በደም ሥር በቀስታ ሰጠን፣ እኔ የልብ ምታቸውን ይዤ። ወይዘሮ አማረች ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሬዲዮ ያስተላልፉልናል። ከከንፈር ወረደች። አሁን ጣት ላይ ናት። ሄደች።

ማታ ስወጣ ሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለአቶ ዱካለ ሰጠኋቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

እሑድ

ዕረፍቴ ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ካልሲየም 8.3፣ የሚዋጠውን ጀምረዋል፣ ጉንዳን የለም።

አቶ ዱካለ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ወናጎ ሄደዋል አሉኝ። ከነወረቀቶቹ። ስለ እኔ ምን ይሉ ይሆን? ልብስ አጠብኩ፣ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ አጥቤዋለሁ። ጉባኤው ሁሉ ስሜን እየሰማ ነው። እውነት ነውና ምን እላለሁ። ግን ምሳ አላሰኘኝም።

ሰኞ

8.8። ወጡ!

ወይዘሮ አማረች ሻርፓቸውን ትንሽ ላላ አድርገው አስረው፣ አንገታቸውን ለመስታወት እያሳዩ ቆይተው ነው የተነሱት። የሚዋጠውን ካልሲየም ለአቶ ዱካለ አስረዳኋቸው። ስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር፣ ምን ከተሰማቸው ቶሎ ይመለሱ። መልሰው አንድ ሳያስቀሩ ነገሩኝ።

ሲሄዱ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። አልቻልኩም፣ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ትናንት መሰከሩ?»

«መሰከርኩ።»

«ምን ብለው?»

አቶ ዱካለ ሲናገሩ አይቸኩሉም። «ሁለቱን ወረቀት አሳየሁ። የመጀመሪያዋ ውሸት ናት፣ ሲስተር ተሳስታ ነው፣ በራሷ አፍ ነግራናለች አልኩ። ሽማግሌዎቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ወረቀት አያለሁ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከዚያ አሰብኩ። የአማረች ደም ደህና ነው። ጨው አልበዛባትም። ታዲያ ያን ቀን የሚገላት ምን ነበር? የአንቺ መርፌ ነች። እኛ ስንጸልይ መርፌዋ እጅሽ ላይ ነች። አስቀመጥሻት። እሱን መሰከርኩ።»

ወይዘሮ አማረች ግንባሬን ስመውኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እግሬ መሬት የሚረግጥ አልመሰለኝም። መርፌውን ያስቀመጥኩት ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ከካርዳቸው አይቼ ሽማግሌዎቹ ጸሎት ከጀመሩበት ሰዓት ጋር ላመሳክር ካርዱን አወጣሁ። ከዚያ ሳልከፍተው መልሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት።