ባር ሳንቀመጥ የበላነው እራት

ውድ እናቴ፣

ጤናሽን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ የአሪዞናን ሙቀት ወደደው ወይስ እዚያም ያምሻል? አክስቴስ ደህና ናት? አሁንም ካርታ ስትጫወቱ ታጭበረብርሻለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ሆናለች። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። ጀልባዎቹም ከሐይቁ ወጥተው ሸራ ለብሰዋል፤ ሰዉ በረዶውን እየጠበቀ ነው።

ስለ አባዬ እንዳልጽፍልሽ ነግረሽኛል። በስልክ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ስለ አየሩ ትጠይቂኛለሽ። በደብዳቤ ግን ወሬ ማስቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መቆጣት ካለብሽም ጨርሰሽ ተቆጪ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝና «ዓርብና ቅዳሜ ወደ ሰሜን ወጣ ብንልስ? እንደ ድሮው እነዚያን የእራት ክለብ የሚሏቸውን ምግብ ቤቶች እንዙር» አለኝ። እሱ ነው እንግዲህ፣ ስልክ አንስቶ ላንቺ ከማቀበል በቀር ሥራ ያልነበረው ሰውዬ። ታሞ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። ባሌ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ ስላለኝ ሄድን።

መንገዱን ሁሉ ዝም። አንድ ቦታ ላይ «አጋዘን» አለ። ዞር ስል ጫካ ገብታለች። እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዓርብ ማታ ዓሣ ልንበላ ሐይቁ ዳር ያለው ቤት ገባን፤ ያ ትልቁ ዓሣ አፉን እንደከፈተ ከበሩ በላይ የተሰቀለበት። እንደ ደንቡ ሰላጣው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀርብ መጀመሪያ ባሩ ጋ ተቀመጥን። ብርቱካንና ስኳር የተደፈጠጠበት ብራንዲው ገና ሳይቀርብለት አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። በግራው የተቀመጠውን ገበሬ ስለ ላሞቹ ጠየቀው። በቀኙ ከቺካጎ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ «እናንተ የምትመጡት ዓሣ ልትበሉ ነው ወይስ መንገዳችንን ልትዘጉ?» ሲላቸው ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መጠጧን ደፋች። እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ሲሆን እወደዋለሁ፣ አልዋሽሽም።

ሰላጣው ሲቀርብ አስተናጋጇ መጥታ ጠራችን። ከባሩ እስከ ጠረጴዛው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ አባዬ ግን ወሬውን ሁሉ እዚያው ወንበሩ ላይ ትቶት መጣ። ናፕኪኑን ጭኑ ላይ ዘረጋና መብላት ጀመረ። ዓሣው መጣ፣ ድንቹ መጣ፣ ከሹካው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ያኔ ሻንጣሽን እየዘጋሽ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። «ያገባሁት ባሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ነበር፤ አርባ ዓመት እራት የበላሁት ግን ከሌላው ጋር ነው» ብለሽኝ ነበር። የመረረ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ዕለት አንቺ ትቀመጪበት በነበረው በኩል ተቀምጬ ገባኝ። እንዴት ቻልሽው? ዓሣዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ አላስቻለኝም። «አባዬ፣ ለቺካጎዎቹ ካወራኸው ግማሹን እንኳ ለኔ ብታወራኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። እንቁላሉን ሲቆራርጥ ቆየና «እሱን እኮ ነው የምሞክረው» አለኝ። አልገባኝም፤ ተናድጄም ስለነበር አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ ገስ ቤት ሄድን። በየዓመቱ የጋብቻችሁን ቀን ታከብሩበት የነበረውን ቤት ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ገስ ከባሩ ጀርባ ሆኖ መኪናችንን በመስኮት አይቶ ብራንዲውን አዘጋጅቶ ጠበቀን፤ ወንበሩም ተስቧል። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀና «ቀጥታ ወደ ጠረጴዛ» አለ።

እዚያ በር ላይ እንግዳ ስትቀበል ያረጀችው ቨርና የሰማችውን አላመነችም። «ኦርቪል፣ ሰላጣው እንኳ አልተቆረጠም እኮ» አለችው።

«እጠብቃለሁ።»

«መጠበቂያው ታዲያ ባሩ አይደል?»

«ጠረጴዛው ጋ ነው የምጠብቀው።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሐኪም ከልክሎት ነው?» አለችኝ። ገስ ደግሞ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ እኛ መጣ። እሱ ከዚያ ባር ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ እግር እንዳለውም ያን ዕለት ነው ያየሁት። «ምን አስቀየምኩህ? የባለፈው መጠጥ ቀጠነብህ?» አለው።

አባዬ ፊቱ ቀላ። «ምንም አላስቀየምከኝም። ባሩ ላይ ከተቀመጥኩ ሁሉን እዚያ ጨርሼው እነሣለሁ። ዛሬ ለጠረጴዛው የሚተርፍ እፈልጋለሁ» አለ። ገስ ትንሽ አየውና «እንግዲያው መጠጥህን እኔ አመጣልሃለሁ» ብሎ ተመለሰ።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። አባዬ የጨው ዕቃውን ወዲህ ወዲያ አደረገ። ላግዘው አልፈለግኩም። በመጨረሻ «ቅጠሉ ረገፈ» አለ። «ረገፈ» አልኩት።

«ወጥ ቤት ያለውን ሬዲዮ አልነካሁትም» አለ። «የእናትሽ ጣቢያ ላይ ነው። ያን የአትክልት ፕሮግራም እሰማለሁ። ቲማቲም ለክረምት እንዴት እንደሚቀመጥ ብትጠይቂኝ አሁን አውቃለሁ።» ከዚያ መስኮት መስኮቱን እያየ እንዲህ አለኝ፤ «ባር ላይ ማንም እስከ መጨረሻው አይሰማሽም። ነገሩ ከተበላሸብሽ ወደሚቀጥለው ሰው መዞር ነው። እሷ ግን ሹካዋን አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ። ሰምታ ስትጨርስ ውስጤ ምንም እንደሌለ ታውቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው።»

እናቴ፣ አለቀስኩ። እሱ ማልቀሴን አይቶ ባለማቆሙ ደግሞ የባሰ አለቀስኩ። ሾርባው መጣ፣ የበሬው ጎድን መጣና ቀዘቀዘ፣ አባዬ ያወራል። ጥሩ አያወራም። ይጀምርና ይጠፋበታል፤ የወንድሙን የጀልባ ታሪክ መጨረሻውን አስቀድሞ ተናገረው። ካሮትና ፍጅል የያዘው ሳህን ሲመጣ ፍጅሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ከጎኑ አስቀመጣቸው። እኔ ፍጅል እንደማልበላ ያውቃል።

ሂሳቡን ስንጠብቅ «ሾርባው ሲመጣ ወሬዬን አቋረጥኩ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ አቋርጠሃል አልኩት። «እሱን አስተካክላለሁ» አለ። ስንወጣ በር ላይ ለጋብቻችሁ ቀን ለሁለት ሰው አስያዘ። ቨርና «ባር ነው ጠረጴዛ?» ብላ ስታሾፍበት፣ ሳይስቅ «ጠረጴዛ» አላት።

ነይ አልልሽም። የሄድሽው በቂ ምክንያት ኖሮሽ ነው፤ ዓርብ ዕለት ቀምሼዋለሁ። ያየሁትን ግን ሳልነግርሽ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ በሰላም ያኑርልኝ። አክስቴን ሳሚልኝ፤ ካርታውን ግን ዓይንሽን ሳትነቅዪ ተጫወቺ።

ሁሌም የምትወድሽ ልጅሽ

ይህችን ረስቼ፦ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ፖስተኛ አያነበውም ብሎ ፖስታው ላይ አድራሻሽን የጻፈው አባዬ ነው። ውስጡ ያለውን አላየም፣ ምን ጻፍሽም አላለኝም። የአክስቴን ቤት ቁጥር ልፈልግለት ስነሣ ግን በቃሉ ጽፎ ጨርሷል።