የወልደ ጻድቅ ተራ

ይድረስ ለወንድሜ ለትእዛዙ፤ ያለህበትን የሚያውቅ አምላክ በጤና ይጠብቅህ።

እኛ ደህና ነን፤ እማማ ግን አሳሬን አበላችኝ። ከቦሳሶ ወደብ «ነገ ባሕሩን እሻገራለሁ» ብለህ ከጻፍህልን ወዲህ ዝም አልህ፤ ስንፍናህን መቼም አውቀዋለሁ። የሚካኤል ማኅበር ተራህ ቢደርስ፣ ዝናብ በጠፋበት በዚህ ዓመት፣ ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ ጠላ ጠመቀችው!

«ምን ልንዘራ ነው?» ብላት፣ «እግዜር የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው፤ የልጄ ተራ ግን አይታለፍም» አለችኝ።

ቄሱ የማኅበርተኛውን ክርስትና ስም እየጠሩ ሲጸልዩ፣ ያንተ ላይ ደርሰው ቆም አሉ። እማማ ብድግ ብላ «ወልደ ጻድቅን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። ስቆጣባት የዋልሁት እኔም ከሁሉ ቀድሜ «አሜን» አልሁ።

በል ለከርሞ ራስህ መጥተህ ደግስ፤ ሌላ ገብስ የለኝም።

እኅትህ ሶስና፣ ከሰቆጣ