እጄ ላይ ያለው ጠገራ ብር

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፮

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጥቂት ተረፍኩ። እናቴ ትታልኝ የሄደችው ጠገራ ብር አንድ ብቻ ነው፤ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ ሁለት ናቸው። ለአንዷ ሰጥቼ ሌላዋን ላለማስከፋት፣ የሚመስለው ይገኝ እንደሆነ ብዬ ፎቶውን የድሮ ገንዘብ የሚሸጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው "አለኝ" ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ቁርጥ የእናቴን! ማንጠልጠያው የተበየደበት ምልክት እንኳ አንድ ነው። እኔ ሞኙ ከመጠርጠር ይልቅ በደስታ የጠየቀኝን ቀብድ ልልክ ስልኬን ስነካካ፣ ባለቤቴ ብዙዬ ከኋላዬ ሆና አየችው።

"አንተዬ፣ ይሄ የኛ የጠረጴዛ ልብስ አይደለም እንዴ? አበባውን እኮ እኔ ነኝ የጠለፍኩት!"

ክው አልኩ። ሰውዬው የራሴኑ ፎቶ ገልብጦ ነው መልሶ የላከልኝ። ብሩን ከሳጥን አውጥቼ ጨበጥኩና "ለመሆኑ ብሩ አሁን የት ነው ያለው?" ብዬ ጻፍኩለት።

"እጄ ላይ ነው ወንድሜ፤ ቶሎ በል፣ ሌላ ፈላጊ መጥቷል" አለኝ።

ብዙዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያበቃ ግን መዳፌን ዘርግቼ አየሁት። ልጆቹ አሁንም ሁለት፣ ብሩም አንድ።