ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ድምፅ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናው፣ ሥራው፣ ቤቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ተመስገን ነው፤ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከሚያምፅብኝ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ አፌ ስለሚተሳሰር መጻፉን መረጥኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ በትምህርቴ ማነስ አሳብበው።

ባለፈው አክስትህ መጥታ፣ እናትህ ካረፈች ወዲህ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አንዴም እንዳልነካኸው ነገረችኝ። 

አምፕሊፋየርህን፣ ያን የጊታርህን ድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ ላስመልስልህ ብዬ ወደሰጠኸው ፀጉር አስተካካይ ሄድኩ። ለካ ኳስ በመጣ ቁጥር ደንበኞቹን ሲያሰማበት ከርሟል። “ጋሼ፣ እሱም እንደ እኛ አርጅቷል፤ ያስላል እንጂ አይናገርም” አለኝ።

ከዚያ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጯ የሳሙና መያዣ የምታህል ቆርቆሮ ሰጠችኝ፤ ፕሪአምፕ ፔዳል ትባላለች። ይህቺ የዚያን ሣጥን ሥራ እንዴት ትሠራለች ብዬ ብከራከራት፣ “አባባ፣ በትንሽነቷ አይናቋት። የጊታሩን ደካማ ድምፅ ተቀብላ፣ አጎልብታ፣ ቃናውን አስተካክላ ላገኘችው ስፒከር ታቀብላለች። ከተፈለገም በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ቤተሰብ አይረበሽም” አለችኝ። ይኼን ስትል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ዋጋው የከበደኝ መስሏት ቀነሰችልኝ።

ልጄ፣ በኛ ቤት የተረበሸው ማን እንደነበር ልንገርህ። እናትህ አልነበረችም።

አልጋዋ ከክፍልህ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ አልነበር? እኔ ራስጌዋ ቁጭ ብዬ ስጸልይላት፣ አንተ ከወዲያ በኩል መጫወት ስትጀምር ፊቷን ከእኔ ወደ ግድግዳው ትመልስ ነበር። መዳፏንም ትለጥፍበታለች። ሕመሙ ትንሽ ፋታ የሚሰጣት ያኔ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ። በፈጣሪ ፊት የቆምኩ እየመሰለኝ ለራሴ ቆሜ ኖሯል።

“ድምፁ ራሷን ስላመማት አቁምልኝ ብላሃለች፤ ነገሩን እንዳታነሳባትም” ያልኩህ ከራሴ ፈጥሬ ነው። አንተም ያን ሣጥን ተሸክመህ ወጥተህ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠኸው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ዞራ ትጠብቃለች። “ዛሬም አይጫወትም?” ትለኛለች። እኔም “ሰልችቶታል መሰለኝ” እላታለሁ። በመጨረሻው ቀን “ይሁን፣ ምንም እንዳትለው” አለችኝ።

ፔዳሏን መጀመሪያ የገዛሁት እዚሁ አስቀምጬ አንተን ላስመጣበት ነበር። አድሬ ሳስበው ይኼም ያው ተንኮሌ ነው። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአክስትህ እጅ ልኬልሃለሁ። ለእኔ ብለህ አትምጣ፤ ጊታሩን ግን አውርደው።

ጣቶችህን ይባርክልህ። የእናትህ ምርቃት አይለይህ፤ የኔን ከተቀበልከው የኔም ይከተልህ።

ይቅር ብትለኝም ባትለኝም፣
አባትህ